ቤት አልመታም

ነዚፍ ፍላሹን ሰጠኝ፣ በካልሲ ጠቅልሎ፣
«ጋሼ፣ ይሄን ስማልኝ፤ ጨርሰህ ንገረኝ» ብሎ።
በካልሲ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤
የዘንድሮ ልጅ አይጠየቅም።

ሐሙስ ነበር። ገበያው ተበትኖ
ሂርማታ በጭቃ ተለስኖ፣
መብራት ሄዶ፣ መጥቶ፣ ደግሞ ሄዶ፣ መጥቶ።
የሱቄን መዝጊያ ግማሽ ድረስ አወረድሁ፤
ሠላሳ ዓመት ጊታር የጠገንሁበትን ወንበር ሳብሁ፤
ጆሮዬን ሰጥቼ ተቀመጥሁ።

የመጀመሪያው ሲጀምር
ገመዱ የተበላሸ መስሎኝ ስፒከሩን ፈታሁ።
ስፒከሩ ደህና ነው።
ጃኩን በአልኮልና በጥጥ ጠረግሁ።
ጃኩም ደህና ነው።
የተበላሸው ዘፈኑ ነው።

ከበሮው ከሁሉም ጋር ተኳርፏል፤
ቤዙ ዕዳ እንዳለበት ሰው በጓሮ በር ይወጣል፤
ሁለት ጊታር፣ አንዱ ከሌላው በሩብ ድምፅ ዝቅ፣
እንደ ሁለት ባላንጣ በአንድ ባጃጅ፣ ትከሻ ለትከሻ ሲተናነቅ።
ዘፋኙማ፣ ዘፋኝ ከተባለ፣
ያለ ማደንዘዣ ጥርሱን ሲነቅሉት ዋለ።

ድንጋይ የገባበት የቡና መፈልፈያ አውቃለሁ።
ፍሬኑ ያለቀ የአጋሮ አይሱዙም አውቃለሁ።
አንዱ እያንቋረረ ይፈለፍላል፣
አንዱ እየጮኸ ያደርሳል፤
ይሄ ግን የት ሊያደርሰኝ ይጮኻል?

ልብስ ሰፊዋ ሸምሲያ ግድግዳውን መታች፤
«ምን እየፈጨህ ነው?» አለች።
«ዘፈን ነው።»
ጥቂት ዝም አለች፤
«አላህ ያሽርህ» አለች።

ክር ሳጠብቅ፣ ክር ሳላላ ነው ያለቀው ዘመኔ፤
የተዛነፈ ነገር እንቅልፍ ይነሳል ለእኔ።
አንቺሆዬም ይጎረብጣል፤ መጎርበጡ ግን ልክ አለው፤
እንደ ጂሬን ዳገት፣ ደክሞህ ስትወጣው ጫፉ ላይ አየር አለው።
ይሄኛው ቤቱን መታው እንጂ ቤት አልመታም፤
ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ልቤ አልተነካም።

ስድስተኛው ላይ ክር ተበጠሰ።
ይሄን አልሳሳትም፤ ቀጭኗ ናት።
ሰውየው አላቆመም፤
በቀሩት አምስቱ የጎደለችውን እየዞረ ደበደበ።
አንድ ጊዜ፣ ሊሙ ገነት፣ ሠርግ ላይ፣
ሙሽራዋ ወደ መኪናው ስትራመድ፣
የእኔም ተበጥሳ ጉንጬን ገረፈችኝ፤
እየደማሁ፣ በአምስት ክር ሸኘኋት።
አውቃት ነበር።
ይሄ ግን የዘፈኑ ጉዳይ አይደለም።

አሁን «ወደድኸው ማለት ነው» ልትሉኝ ነው።
አልወደድሁትም።
ሲያልቅ የአወይቱ ጎርፍ፣ የባጃጁ ጡሩንባ፣
ሁሉም ዜማ ሆኖ ጆሮዬ ገባ
ብላችሁ ደስ ይላችኋል።
ባጃጁ ባጃጅ ነበር። ዝናቡም ዝናብ።
እኔ ራሴን አሞኛል።

በማግስቱ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ነዚፍ በሬ ላይ ቆመ፤
«እሺ ጋሼ?»
ምላሴ ጫፍ ላይ «ጥሩ ነው» ነበረች፤
ለጨው አልባ ወጥም፣ ለክፉ አማትም የምትበቃ ቃል ነች።
ዋጥኋት።
«ጠላሁት» አልሁት።
«እስከ መጨረሻው?»
«አርባ ሰባት ደቂቃ ሙሉ።
ሦስተኛውን ሁለቴ፣ በደንብ ለመጥላት።»

እንዲከፋው ጠብቄ ነበር፤ በረንዳው ላይ ቁጭ አለ፣ ሳቀ፣
ሲስቅ ጉልበቱን በመዳፉ ጠፈጠፈ፤ ከምቱ ወጥቶ፣ እርግጥ።
«ለስንት ሰው ሰጠሁ መሰለህ! ሁሉም ‹አሪፍ ነው› አለኝ፤
ሁለተኛው ዘፈን ላይ እንኳ ማንም አልደረሰልኝ።»

ፍላሹን ካልሲው ውስጥ መለሰ።
ከሌላ ኪሱ ሌላ ካልሲ ወጣ።
«የባሰ አለ» አለኝ።
«አገሬን አልለቅም» አልሁት። «አምጣ።»